ፋስትኔት 1979፦ ተጥለው የተገኙት 19 ጀልባዎች

መጀመሪያ ቁጥሩን ላስቀምጥ፣ ወሬው ከዚያ ይቀጥላል።

ፋስትኔት ለተባለው የእንግሊዞች የባሕር ውድድር 303 ባለ ሸራ ጀልባዎች ተነሱ። 85 ጨረሱ። 194 አቋርጠው ወደብ ገቡ። 24ቱን ግን የተሳፈሩባቸው ሰዎች ባሕር ላይ ጥለዋቸው ወጡ። ከ24ቱ የሰመጡት 5 ብቻ ናቸው። የቀሩት 19 ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ባዷቸውን ሲንሳፈፉ ተገኙ። ምሰሷቸው የተሰበረ አለ፣ ሆዳቸው ውሃ የሞላ አለ። ግን አልሰመጡም።

15 ተወዳዳሪዎች ሞተዋል። ከነሱ 7ቱ ሕይወታቸው ያለፈው ጀልባቸውን ትተው በአየር ወደሚነፋው የሕይወት አድን ታንኳ ከወጡ በኋላ ነው። እነዚህ ሰባት ሰዎች ትተዋቸው የወጡት ጀልባዎች ደግሞ ኋላ ተንሳፈው ተገኝተው ወደ ወደብ ተጎተቱ።

ስለዚህ ውድድር ደጋግሜ እንዳነብ ያደረገኝ ይሄ ነው። እኔ ባሕር የሌለው አገር ሰው ነኝ፤ ሸራ ስቤ አላውቅም። ነገር ግን «በቃ፣ ይሄ ነገር አልቆለታል» ብሎ መወሰን የባሕር ሰው ብቻ ችግር አይደለም።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ 1971 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 1979። እኛ ጋ ክረምቱ ከብዷል፣ ፍልሰታ ተይዟል። እንግሊዞቹ ግን በጋቸው ላይ ናቸው። የነሱ የጀልባ ሰው ዓመቱ የታወቀ ነው። በጸደይ ጀልባውን ካስቀመጠበት ያወጣል፣ ይፍቃል፣ ይቀባል። ከዚያ ቅዳሜና እሁድ አጫጭር ውድድር ይሮጣል። ኦገስት ሲገባ ካውዝ የምትባል ትንሽ የደሴት ከተማ ላይ አንድ ሳምንት ሙሉ ውድድርና ድግስ አለ። በሁለት ዓመት አንዴ ደግሞ የወቅቱ ትልቁ ውድድር ይመጣል፤ እሱ ፋስትኔት ነው።

መንገዱ ያኔ 605 የባሕር ማይል ነበር፣ ወደ 1,120 ኪሎ ሜትር። ከካውዝ ተነስቶ የእንግሊዝን ደቡባዊ ጠረፍ ይዞ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ላንድስ ኤንድ የሚባለውን የመሬት ጫፍ ሲያልፍ ግራ ቀኙ ክፍት ባሕር ይሆናል። ያንን አቋርጦ አየርላንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ላይ መብራት የቆመባት ፋስትኔት የተባለች ቋጥኝ ጋ ይደርሳል። ያኔ እሷን ዞሮ ወደ ፕሊመዝ ይመለስ ነበር። ውድድሩ የተጀመረው በ1925 ሲሆን ያኔ የተነሱት 7 ጀልባዎች ነበሩ። ከዚያ እስከ 1979 ድረስ ውድድሩ ላይ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም በ1931። ሃምሳ ምናምን ዓመት አንድ ሰው! እንዲህ ዓይነት ታሪክ ያለው ነገር ላይ ሰው ቢዘናጋ አልፈርድበትም።

እነዚህን ሰዎች መርከበኞች ብዬ ልጠራቸው አሰብኩና ተውኩት። በእኛ ቋንቋ መርከበኛ እንጀራው ባሕር ላይ የሆነ ሰው ነው። አብዛኞቹ ግን ሳምንቱን ቢሮ የሚውሉ፣ ፈቃድ ሞልተው የመጡ፣ ከኪሳቸው የሚከፍሉ አማተሮች ናቸው። አባትና ልጅ አብረው የሚወዳደሩበት ጀልባ ነበር። ትልልቅ ስሞችም አልጠፉም። የቀድሞው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ «ሞርኒንግ ክላውድ» በተባለች ጀልባቸው ተወዳድረዋል። አሜሪካዊው ቴድ ተርነርም ነበር፤ በዓመቱ ሲኤንኤንን የከፈተው ራሱ ተርነር። የታሪኩ ክብደት ያለው ግን እነሱ ጋ ሳይሆን ትንንሾቹ ጋ ነው።

ጀልባዎቹ በመጠን ስድስት ምድብ ተከፍለዋል፣ ከዜሮ እስከ አምስት። ዜሮ ትልልቆቹ ናቸው። አምስተኛው ምድብ 9 ወይም 10 ሜትር ገደማ የሚሆኑት ነው፤ አንድ የከተማ አውቶቡስ እንኳ ይበልጣቸዋል። አሁን ውጤቱን እዩት። ከምድብ ዜሮ 14 ተነስተው 13 ጨረሱ። ከአንደኛው 56 ተነስተው 36። ከሁለተኛው 53 ተነስተው 23። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ይወድቃል። ከሦስተኛው 64 ተነስተው 6። ከአራተኛው 58 ተነስተው 6። ከአምስተኛው 58 ተነስተው አንድ። አንድ ብቻ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ቅዳሜ ነሐሴ 5 ሲነሱ አየሩ ጥሩ ነበር። ሰኞ ቀን ላይ ሬዲዮው ነፋሱ እስከ 6 ወይም 7 እንደሚደርስ ተናገረ። ይህ ልኬት ከዜሮ እስከ 12 ይሄዳል። 7 ማለት በሰዓት ከ50 እስከ 61 ኪሎ ሜትር ነው። ለእነዚህ ሰዎች 7 የሚያስፈራ ቁጥር አልነበረም፤ እንዲያውም ፈጣን ውድድር ማለት ነው። አመሻሹ ላይ ትንበያው 8 ሆነ፣ ቆየት ብሎ 9። ሌሊቱ ሲገባ 10 ተባለ፣ በሰዓት ከ89 እስከ 102 ኪሎ ሜትር። ችግሩ 10 የሚለው ቃል በሬዲዮ ሲሰማ ነፋሱ ራሱ ደርሷል። ከአትላንቲክ ማዶ የመጣው ዝቅተኛ የአየር ግፊት ማንም ካሰበው በላይ በፍጥነት ነው የጠነከረው።

ትልልቆቹ ፈጣን በመሆናቸው ብዙዎቹ ቋጥኟን ዞረዋል ወይም ቀርበዋታል። ትንንሾቹ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል፣ ልክ ባሕሩ ወገብ ላይ ናቸው። ወደፊትም ወደኋላም መጠለያ የለም። የውድድሩ ሕግ ደግሞ የሚያስገድደው ሬዲዮ መቀበያ ብቻ ነበር። መልሶ የሚያናግር ሬዲዮ መያዝ ግዴታ ስላልነበረ ብዙ ትንንሽ ጀልባዎች መስማት እንጂ መናገር አይችሉም ነበር።

ነፋሱ ብቻውን ቢሆን ባልከፋ። ሌሊቱን አቅጣጫው ተቀየረ፣ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረ። የቀድሞው ነፋስ ያስነሳው ማዕበል ግን ገና ባሕሩ ላይ አለ። ስለዚህ አዲሱ ማዕበል አሮጌውን እያቋረጠ መጣ። ሁለቱ ሲገናኙ ውሃው እንደ ግድግዳ ይቆምና ጫፉ ይናዳል። ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ማዕበል አየን ያሉ አሉ። ጎኗን ለእንዲህ ዓይነት ውሃ የሰጠች የ9 ሜትር ጀልባ ምን ትሆናለች? ትገለበጣለች።

ከውድድሩ በኋላ መጠይቅ ሞልተው ከመለሱት ጀልባዎች ግማሽ ያህሉ ምሰሷቸው ውሃ እስኪነካ ድረስ መተኛታቸውን ተናግረዋል። ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ ከዚያም አልፈው ዞረዋል፤ አንዳንዶቹ ሙሉ በሙሉ ተገልብጠው በሌላኛው ጎናቸው ተነስተዋል።

ከነዚህ አንዷን ቀረብ ብለን እንያት። ስሟ «ግሪማልኪን» ነው። 30 ጫማ፣ ወደ 9 ሜትር። ስድስት ሰው ይዛለች፦ ባለቤቱ፣ የ17 ዓመት ልጁና አራት ጓደኞች። ሌሊቱን ሙሉ ደጋግማ ተኛች። በተኛች ቁጥር ሰዎቹ ከመቀመጫቸው ተወርውረው በደህንነት ቀበቶአቸው ገመድ ብቻ ይንጠለጠላሉ፤ ስትነሳ እየተጎተቱ ይመለሳሉ። ባለቤቱ ጭንቅላቱ ተጎዳ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ማዕበል ሙሉ በሙሉ ገለበጣት። ባለቤቱ ከሥር ተይዞ ሲቀር እንዲወጣ ቀበቶው ተቆረጠለት። ጀልባዋ ተመልሳ ስትነሳ እሱ ከእሷ ተለይቶ ነበር። ውሃው ይዞት ሄደ። ልጁ እያየ።

አሁን የቀሩትን አስቡ። ምሰሶው ወድቋል። ጀልባዋ ውሃ ይዛለች። ሁለት ጓደኞቻቸው ከገመድና ከተሰበረ ብረት ጋር ተጠላልፈው ወድቀዋል፤ አይንቀሳቀሱም። ሦስቱ፣ ልጁን ጨምሮ፣ ሁለቱ ሞተዋል ብለው አመኑ። ታንኳውን ነፍተው ወጡ።

ከሁለቱ አንዱ ግን አልሞተም። ወጣት ልጅ ነው። ሲነቃ ከጀልባዋ ውጪ በቀበቶው ተንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ ነበር። እንደምንም ተሳቦ ወጣ። ዞር ሲል ታንኳው የለም፣ ሰዎቹም የሉም። ጓደኛው ውሃ ውስጥ ነው። ገመድ መጠቅለያውን ተጠቅሞ ጎትቶ አወጣው። ሰውየው ገና በሕይወት ነበር። ብዙ አልቆየም፣ እጁ ላይ ሞተ። ከዚያ ይህ ልጅ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ባልዲ ይዞ ውሃ ሲቀዳ ዋለ፤ አስከሬኑ አጠገቡ ነው። ሲመሽ ሄሊኮፕተር መጣ። ሁለቱንም አነሳቸው።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እንዴት ትተዋቸው ይሄዳሉ? ቆይቼ ሳስበው ግን አፌን ያዝኩ። ታንኳው ላይ የወጡት ሦስቱም ሄሊኮፕተር አግኝቷቸው ተርፈዋል። ማለትም ያንኑ ጀልባ «አትልቀቅ» የሚለው ሰውም፣ «ልቀቅ» የሚለው ሰውም ምስክር አድርጎ ሊጠራት ይችላል። አባቱን አሁን ያጣ፣ እንቅልፍ ያላየ፣ ቅዝቃዜ ያደነዘዘው የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ የሰው የልብ ትርታ በትክክል እንዲያዳምጥ መጠበቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ብቻ የሚቀል ነገር ነው።

«ትሮፊ» እና «አሪያድኒ» የገጠማቸው የከፋ ነበር። የሕይወት አድን ታንኳ ስሙ ያጽናናል። ነገሩ ግን እንደ መኪና ጎማ የተነፉ ሁለት ቀለበቶች ተደራርበው ከላያቸው የጨርቅ ጣሪያ ያላቸው ናቸው። ቀላል ነው። ከሥሩ የሚይዘው ክብደት የለም። ያ የ9 ሜትር ጀልባ የገለበጠ ማዕበል ይህንን እንደ ኳስ ነው የሚጫወትበት። የ«ትሮፊ» ሰዎች ስምንት ሆነው ገቡበት። ሁለቱ ቀለበቶች ተለያዩ፣ ታንኳው ለሁለት ተተረተረ። ሦስቱ ሞቱ። «አሪያድኒ» ላይ ስድስት ነበሩ። አንዱን ጀልባዋ ስትገለበጥ ባሕሩ ወሰደው። አምስቱ ታንኳ ላይ ወጡ፤ በሕይወት የተገኙት ሁለት ናቸው። «ትሮፊ»ም «አሪያድኒ»ም አልሰመጡም።

ግን ሰው ለምን ይወጣል? አጥኚዎቹ ያገኙት መልስ አንዳንዴ የሚያሳፍር ያህል ትንሽ ነው። ለምሳሌ በሩ። የእነዚህ ጀልባዎች የጓዳ በር ከላይ ወደ ታች በመሰንጠቂያ ውስጥ የሚንሸራተቱ ሁለት ሦስት ጣውላዎች ነው። የሚይዛቸው ክብደታቸው ብቻ ነው። ጀልባዋ ስትገለበጥ ታች የነበረው ላይ ይሆናል፤ ጣውላዎቹ ሾልከው ይወድቃሉ፤ በሩ ተከፍቶ ይቀራል። ቀጣዩ ማዕበል በቀጥታ ወደ ውስጥ ነው። አንድ ሜትር ገመድ ሊያስረው ይችል የነበረ ነገር ነው።

ውስጥ ደግሞ ሌላ ጦርነት አለ። የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ፣ ምድጃ፣ ባትሪ፣ የመሣሪያ ሳጥን፤ በአግባቡ ያልታሰረ ሁሉ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ብዙዎች የተጎዱት ውጪ ሳይሆን እዚያ ነው። ወጥ ቤቷ ውስጥ በወገብ ውሃ የቆመ፣ ፊቱን ቆርቆሮ የመታው፣ ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው «ጀልባዋ እየሰመጠች ነው» ቢል ምን ይገርማል? እየሰመጠች አልነበረም። እንደዚያ ግን ትመስላለች።

የቀበቶውም ጉዳይ አለ። ሰውን ከጀልባው ጋር የሚያያዘው ገመድ ጫፉ ላይ መንጠቆ አለው። አንዳንዱ መንጠቆ ሲጠመዘዝ ራሱ ይከፈታል፣ አንዳንዱ የታሰረበት ነገር ይነቀላል። ለአዳዲሶቹ ተወዳዳሪ ጀልባዎች ደግሞ ቀላል ይሁን ተብሎ ከካርበን ፋይበር የተሠራ የመሪ ዘንግ ገጥመውላቸው ነበር፤ በዚያ ሌሊት የተሰበረው ቀላል አይደለም። የአየርላንድ ቡድን አድሚራልስ ካፕ በሚባለው የአገሮች ቡድን ፉክክር ሲመራ ቆይቶ ዋንጫው ወደ አውስትራሊያ የሄደው በዚህ ውድድር ነው። ዋንጫውን ግን ማን ያስታውሰዋል?

አሁን ወደዚያች አንዷ ልመለስ። ከ58 ብቻዋን የጨረሰችው «አሴንት» ትባላለች። ኮንቴሳ 32 የሚባል ዓይነት ናት፣ ርዝመቷ 32 ጫማ። በዘመኑ ፋሽን አልነበረችም። የዘመኑ ተወዳዳሪ ጀልባ ሰፊና ቀላል ነው። ምክንያቱም ውጤት የሚሰላው በደረሱበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በጀልባዋ ልኬት በሚስተካከል ቀመር ነው፤ ሠሪዎቹ ደግሞ ቀመሩ የሚወደውን ቅርጽ ይሠራሉ። ሰፊ ጀልባ ቀጥ ብላ ስትሄድ የተረጋጋች ናት። ጉዱ ስትገለበጥም የተረጋጋች መሆኗ ነው። ሰፊ ገበታ ደፍታችሁ ውሃ ላይ ብታስቀምጡት እንደተደፋ ይቀራል። ኮንቴሳ ግን ጠበብ ያለች ናት፣ ከሥሯ የተንጠለጠለው ክብደትም ከባድ ነው። ብትገለበጥ እንኳ ለመነሳት ትቸኩላለች።

ይህን ስል ዕድልም፣ መሪውን የያዘው ሰው ብቃትም የለበትም ማለቴ አይደለም። አጣሪዎቹ ራሳቸው በዚህ ጠንቃቃ ናቸው። ሸራ አውርዶ ዝም ብሎ መጠበቅ ይሻላል ወይስ ከማዕበሉ ጋር መሮጥ? ለሚለው የተረጋገጠ መድኃኒት የለም ብለዋል። ያገኙት ፍንጭ ቢኖር እጃቸውን አጣጥፈው ከጠበቁት ይልቅ የተወሰነ ፍጥነት ይዘው ጀልባዋን መምራት የቻሉት የተሻለ መውጣታቸውን ነው።

ስለ ፍለጋው አጭር ልበል። በሰላም ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ትልቅ የባሕር ላይ ነፍስ አድን ሥራ አልታየም ይባላል፤ ወደ 4,000 ሰው ተሳትፎበታል። የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተሮች ከኮርንዎል ተነሱ። የኔዘርላንድስ የጦር መርከብ «ኦቨራይስል» ውድድሩን አጅባ ስለነበር መሃል ላይ ተገኘች። 13 የነፍስ አድን ጀልባዎች ከእንግሊዝና ከአየርላንድ ወጡ። የእነዚያ ጀልባዎች ሰዎች አብዛኞቹ ደመወዝ የላቸውም፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ባለ ሱቅ፣ አናጢ ናቸው። አማተሮችን አማተሮች አዳኗቸው ብል ብዙ አልሳሳትም። ውድድሩን ተከትላ ትሄድ የነበረችው «ባክስ ፊዝ» የተባለች ባለ ሦስት አካል ጀልባ ላይ የነበሩ አራት ሰዎችም ሞተዋል። እነሱ ተወዳዳሪ ስላልነበሩ ከ15ቱ ውስጥ አይቆጠሩም።

ተርነር በ«ቴኔሸስ» አሸነፈ። ጀልባዋ 61 ጫማ ናት።

የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የእንግሊዝ የጀልባ ማኅበርና ውድድሩን ያዘጋጀው ክለብ አንድ ላይ ሆነው አጣሪ አቋቋሙ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሪፖርቱ ወጣ። አራት ወር! ለየጀልባው ዝርዝር መጠይቅ ላኩ፦ ስንት ጊዜ ተኛችሁ? በሩ ምን ሆነ? ቀበቶው የት ታሰረ? ማን ታመመ? ሰዎቹ የጓደኞቻቸውን መጥፋት ገና ሳይለምዱት ተቀምጠው መለሱ። የደበቀ አልጠፋ ይሆናል፤ ግን ሪፖርቱን ስታዩት የራሳቸውን ጥፋት የጻፉ ሰዎች እንደነበሩ ያስታውቃል። ውድድሩ ይቁም አልተባለም። ሬዲዮው መናገሪያም ይሁን ተባለ። የማዕበል ሸራ ግዴታ ሆነ። የበሩ ጣውላ ይታሰር ተባለ። የቀበቶና የታንኳ መስፈርት ጠበቀ። ልምድ የሌለው ሰው ዝም ብሎ እንዳይመዘገብ ተደረገ።

ከሁሉ በላይ ሳይረሳ የቀረው አባባል ግን ሕግ ሆኖ አልተጻፈም። በጀልባ ሰዎች ዘንድ ወደ ታንኳው «ወደ ላይ ረግጠህ ውጣ» ይባላል። ጀልባዋ እየወረደች ከእግርህ ሥር ስትሄድ፣ ታንኳው ከአንተ ከፍ ሲል፣ ያኔ ውጣ። ወደ ታች መዝለል ካስፈለገህ ገና ጊዜ አለህ ማለት ነው።

በ2007 ያው ውድድር ሊነሳ ሲል ተመሳሳይ ትንበያ መጣ። አዘጋጆቹ መነሻውን በ25 ሰዓት አዘገዩት፤ እንዲህ ሲደረግ በታሪኩ የመጀመሪያው ነው። ከዚያም ከ200 በላይ ጀልባዎች አቋርጠው ወደብ ገቡ። ማንም አልሞተም።

«ግሪማልኪን» ተንሳፋ ተገኝታ ወደ አየርላንድ ተጎተተች። «አሴንት» ደግሞ ውድድር ትታ ሩቅ መንገድ ጀመረች። ባለቤቷ ግሪንላንድ ድረስ ወሰዳት፣ በኋላም አንታርክቲካ።